ፍለጋ በፓይተን፦ ኤስኪውላይት ይበቃል

ጽሑፍ ውስጥ የሚፈልግ ነገር በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ስትሠሩ ቶሎ ብላችሁ ትልቅ የፍለጋ ሰርቨር አትትከሉ። ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፤ ኤፍቲኤስ5 የሚባለው የፍለጋ ክፍሉም አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አለ። ቨርቹዋል ቴብል (ለፍለጋ የሚሆን ልዩ ሠንጠረዥ) ትፈጥራላችሁ፣ ጽሑፉን ታስገባላችሁ፣ በማች (MATCH) የፍለጋ ትእዛዝ ትጠይቃላችሁ። አለቀ። ውጤቱን ቢኤም25 በሚባለው ቀመር፣ ከጥያቄው ጋር ባለው ቅርበት ደረጃ ያወጣል፤ ብቻ የተሻለው ውጤት ትንሹን ቁጥር ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ከትልቅ ወደ ትንሽ ከደረደራችሁት የማይረባው ከላይ ቁጭ ይላል።

አማርኛ ላይ ግን ሥራ አለ። «ሠራ» እና «ሰራ» ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እኔ ከማስገባቴ በፊት ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው እቀይራለሁ። ተጠቃሚው የሚጽፈውም በዚሁ ማለፍ አለበት፣ አለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው። ለማሳያ የሚሆነውን ዋናውን ጽሑፍ ለብቻው አስቀምጡት።

የባሰው ቅጥያው ነው። «ቤት*» ብላችሁ፣ ማለትም በ«ቤት» የሚጀምረውን ሁሉ ብትፈልጉ «ቤትህ» ይመጣል፣ «ቤቶች» ግን አይመጣም፤ ቶ እና ት ለእሱ አይተዋወቁም። «የቤት» እና «በቤት»ም እንደዚያው ይቀራሉ። ከኤስኪውላይት 3.34 ጀምሮ የገባው ትራይግራም ቶከናይዘር (ጽሑፉን በሦስት በሦስት ፊደል የሚከፋፍለው) በቃል መሃል ስለሚፈልግ ለረጃጅም ቃላት ያግዛል። ማች ግን በእሱ ከሦስት ፊደል በታች ለሆነ ጥያቄ ምንም አያመጣም፣ «ቤት» ደግሞ ሁለት ነው።