ርካሹ ቤት ውድ ሆኖብኝ አዘዞ እንዴት እንደገባሁ

አምና መስከረም ላይ አዘዞ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ቀጠረኝና ከደብረ ታቦር አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ጎንደር ገባሁ። ባለቤቴና የ8 ወር ልጃችን ቤት እስካገኝ እናቷ ጋ ቀሩ። ደሞዙ ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚገባው 13,400 ብር ነው። ያኔ ቤት ሲባል "ኪራዩ ስንት ነው" የሚለው ብቻ ነበር የሚታየኝ፣ የተበላሁትም እዛው ላይ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ቢሮ ውስጥ የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሰው ኃይል ያለችውን ልጅ "እዚህ አካባቢ ሰርቪስ ይገኛል?" አልኳት፣ እኔ ግቢ ውስጥ ጀርባ ላይ የሚሰራውን ሰርቪስ ቤት ማለቴ ነው። እሷ ደሞ "አዎ አለ፣ ጠዋት 1፡10 ከፒያሳ ይነሳል" አለችኝ። ቤት እንዴት ብሎ ይነሳል ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የሰራተኛ መኪናውን ነበር የምትለኝ። ሳቅን፣ ረሳሁት፣ ግን ቆይቶ ይሄው ወሬ በጣም ጠቀመኝ፣ እመለስበታለሁ።

የአክስቴ ልጅ አራዳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ እሱ ጋ 11 ቀን ወለል ላይ ተኛሁ። ሰው ምንም ቢወድህ ከሳምንት በኋላ ሽሮው ሲቀጥን ይታወቅሃል፣ ስለዚ ቸኮልኩ። ስቸኩል ያገኘሁት ቁስቋም በላይ ዳገቱ ላይ አንድ ክፍል ከነኮርኒሱ በ3,000 ብር። አየሩ ልዩ፣ ጸጥታው ልዩ፣ ከተማው ከታች ሲታይማ አትጠይቁኝ። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውን እዛ ጋ ያሰሩት ወደው አይደለም። ግን እሳቸው ጠዋት ታክሲ አይጠብቁም።

እኔ እጠብቃለሁ። ከቤቴ ፒያሳ ድረስ ባጃጅ 15 ብር፣ ከፒያሳ አዘዞ ታክሲ 30 ብር፣ በደርሶ መልስ 90 ብር። ቅዳሜን ጨምሮ በወር 26 ቀን እሰራለሁ፣ በ26 ስታባዛው 2,340 ብር ይመጣል። ኪራዩ ላይ ሲደመር 5,340። በ3,000 ብር ነው የምኖረው እያልኩ ለሰው ሳወራ የ5,340 ብር ቤት ውስጥ ነበርኩ ማለት ነው፣ ዝናብ ሲሆንና ሲመሽ ባጃጁ ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም ሲለኝ የከፈልኩትን ሳልቆጥር። ሰዓቱንም አስቡት፣ በር ዘግቼ ከወጣሁ ቢሮ እስክደርስ 1 ሰዓት ከ20 ይፈጃል፣ ማታም እንደዛው። ልጄን ባመጣት እንኳ የማያት ተኝታ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሂሳብ ሰራተኛ ማሰብ ጀመርኩ (ለድርጅቱ የማስበውን ለራሴ ለማሰብ ሁለት ወር ፈጀብኝ)። ደብተር ላይ ለየሰፈሩ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ውሃ፣ መብራት ብዬ አሰመርኩና ፍለጋ ጀመርኩ።

ጎንደርን ለማታውቁ፣ ከተማዋ ረዘም ያለች ናት፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መሀል ነው የተቆረቆረችው፣ ከዛ ወዲህ ወደ ታች እየተሳበች አዘዞ ድረስ ሄዳለች። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው አንድ አስፓልት ላይ ነው የሚሰለፈው። ስለዚ እዚህ አገር "ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል" ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፣ የሚጠቅመው "ታክሲው እዛ ጋ ሲደርስ ቦታ አለው ወይ" የሚለው ነው። ይሄን የተማርኩት ማራኪ ላይ ነው። ማራኪ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንድ ጥሩ ቤት በ4,500 ተገኘ ተባለ፣ መሀል ስለሆነ ለኔ ምርጥ መሰለኝ፣ ደላላው ቀብድ ቀብድ እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ ቀብዱን ከመስጠቴ በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት 1፡20 ላይ እዛው መንገድ ላይ ሄጄ ቆምኩ፣ እዛ ሰፈር የምኖር ሰው ሆኜ ማለት ነው። ከፒያሳ ሞልተው የሚመጡ ታክሲዎች ናቸው፣ ረዳቱ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ "ሙሉ ነው" ይላል ያልፋል። ዘጠኝ ቆጠርኩ። አስረኛው ላይ አንድ ሰው ወርዶ እኔና አንዲት ተማሪ ተጋፋን፣ እሷ ገባች። መሀል ላይ መኖር ቅርብ ይመስላል እንጂ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ከመነሻው ወይ ከመድረሻው ይሻለዋል። ቤቱን ተውኩት፣ ደላላው ደሞ እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ስለ ደላላ ካነሳን፣ ሁሉም ሌባ አይደለም፣ አንዱ ለምሳሌ ቀን ሙሉ ይዞኝ ዞሮ አንድ ማኪያቶ ብቻ ነው ያስከፈለኝ። ግን ሥራቸው ቤት ማሳየት እንጂ ያንተን ኑሮ ማስላት አይደለም። በቴሌግራም የሚልኩትን ፎቶማ አትመኑ፣ አንድ "ሰፊ ሳሎን" የተባለ ቤት ስሄድ ፍራሽ ቢዘረጋበት በሩ አይዘጋም። ሌላው ደሞ ለማሳያ ብቻ 200 ብር ተቀብሎኝ ቀድሞ የተከራየ ቤት አሳየኝ፣ ተከራዩዋ ራሷ በር ከፍታ "ማን ልበል?" አለችን።

አንድ ቀን ፋሲል መዋኛ አካባቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤቱ ጥሩ፣ ኪራዩም ደህና፣ ሴትዮዋ ቡና ሁሉ አጠጡኝ፣ ልስማማ ስል "አንድ ነገር ግን አለ የኔ ልጅ፣ ለጥምቀት ቤቱን እፈልገዋለሁ" አሉኝ። ለምን ብል ከተራ ከመድረሱ በፊት ጀምሮ ለሳምንት ያህል ለእንግዳ ያከራዩታል፣ በዛች ሳምንት የሚያገኙት ከኔ የሁለት ወር ኪራይ ይበልጣል። "እኔስ እማማ፣ በዛች ሳምንት የት ልሂድ?" አልኳቸው። "አንተማ ታቦት ታጅባለህ" አሉኝ። እውነት ለመናገር አልተናደድኩም፣ ሂሳባቸው ከኔ ሂሳብ የተሻለ ነው። ብቻ ጥር ላይ ሕፃን ይዤ ውጭ ማደር ስለማልችል ተመርቄ ወጣሁ።

ሌላው አከራይ ደሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ አሉ። እኔ ያነበብኩትን ለማሳየት "አባባ፣ አዋጅ 1320/2016 እኮ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል" አልኩ። ዝም ብለው አዩኝና "እንግዲያው ከአዋጁ ተከራይ" ብለውኝ በሩን ዘጉት። አዋጁን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ግን በር ላይ ቆሞ ከመጥቀስ ተስማምቶ ውል ላይ ማስገባት ይሻላል፣ እኔ አፌ ቀደመ።

እስካሁን ያለው የኔ ትምህርት ነው፣ ዋናውን ያስተማረችኝ ግን ባለቤቴ ናት። ኅዳር ላይ ለሦስት ቀን መጥታ አብራኝ ስትዞር እኔ ጣሪያና ግድግዳ አያለሁ፣ እሷ ግቢ ውስጥ ያሉ ጄሪካኖችን ትቆጥራለች። ምን እየሰራሽ ነው ብላት "ውሃ ስንት ቀን እንደሚጠፋ እያየሁ ነው" አለች። አከራይን "ውሃ አለ?" ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም አለ ይላል፣ ቧንቧው ስላለ። ጄሪካን ግን አይዋሽም። ሁለት ቤተሰብ ያለበት ግቢ ውስጥ አራት አምስት ጄሪካን ካለ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይመጣል ማለት ነው፣ ሃያ ጄሪካን በረንዳ ላይ ከተደረደረ፣ በርሜሉም በፌስታል ከታሰረ፣ እዛ ሰፈር ፈረቃው ሲመጣ ሌሊት ተነስተህ ትቀዳለህ፣ ካለቀ ደሞ በጄሪካን እየገዛህ ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ ጄሪካኖቹ ላይ በቀለም ስም ተጽፎባቸው ነበር። "ስም የሚጻፍበት ውሃ የሚያጣላ ውሃ ነው" አለችና ክፍሉን ሳታይ ወጣች። እኔ ሁለት ወር ዞሬ እንዲህ አላሰብኩም።

ከዛ በኋላ ነው ያ የሰርቪስ ነገር ትዝ ያለኝ። የሰራተኛ መኪናው በነጻ ነው፣ ስለዚ ማቆሚያዎቹን ጽፌ ከነሱ አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ሰርቪስ ቤት መፈለግ ጀመርኩ (ሰርቪስ ለሰርቪስ)። አንድ ልከራይ ጥቂት ቀርቶኝ ናፍጣ ጠፋ። መኪናው ወደ ሦስት ሳምንት ቆመ። ሰራተኛው በየፊናው ታክሲ ተጋፋ፣ እኔም ቁስቋም ላይ ሆኜ አለቀስኩ፣ ግን ሳልፈርም ስለታየልኝ እግዜርን አመሰገንኩ። እዛ ላይ አንድ ነገር ወሰንኩ፣ ሰርቪሱም ባይኖር፣ ታክሲውም ባይኖር በእግሬ የምደርስበት ቤት ካልሆነ አልገባም። ማለት ቢበዛ ግማሽ ሰዓት።

ስለዚ ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቼ አዘዞን በእግሬ መዞር ጀመርኩ፣ በየቀኑ አንድ አቅጣጫ። ደላላ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ሱቅ ገብቼ ውሃ እገዛለሁ፣ ጀበና ቡና ጋ ቁጭ እላለሁ፣ "እዚህ ሰፈር የሚከራይ ቤት ትሰማላችሁ?" እላለሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ቡና የምታፈላ አንዲት እህት "ባለትዳር ነህ?" አለችኝ፣ አዎ ስላት፣ "ልጅ አላችሁ?" አዎ፣ "የልጅህን ፎቶ" አላለችኝም ግን ራሴው ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። ከዛ አንዲት እናት ጋ ወሰደችኝ፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፣ ግቢው ውስጥ ባዶ ሁለት ክፍል አለ፣ ላጤ አልፈልግም ብለው ለደላላ ሳይነግሩ ስምንት ወር ቆልፈውት ኖረዋል። እንደዚህ አይነት ቤት ለደላላ ስለማይነገር በእግር ካልሄድክ አታገኘውም።

4,800 አሉኝ። ጄሪካን ቆጠርኩ፣ ሰባት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ተመልሼ ድምፁን ሰማሁ፣ አዘዞ ላይ መንገዱ ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ ስለሚከፈል ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ፍሬን ይዞ ይወርዳል፣ ቤቱም ከአስፓልቱ ሩቅ አይደለም። ይሄን አንስቼ "እማማ፣ ሕፃን አለችን፣ በዚህ ድምፅ..." ስል 4,300 አደረጉልኝ። ሁለት ወር ቅድሚያ፣ የሁለት ዓመት ውል፣ ሦስት ምስክር። ከቢሮ 22 ደቂቃ በእግር።

እንዳትሉኝ ደሞ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ። ውሉ ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር ነበር፣ መብራት። ቆጣሪው የጋራ ነው፣ እኩል እንካፈል ተባባልን፣ እኛ ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ነን፣ እሳቸው ግን ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ። የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ ግራ ገባኝ፣ እኚህን የመሰሉ እናት ስለ ምጣድ እንዴት ብዬ ልናገር? አንድ ወር ዝም ብዬ ከፈልኩ። ሁለተኛው ወር ላይ ባለቤቴ "እማማ፣ እኛም ከእርሶ ጋር ብንጋግርስ?" አለቻቸው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ አብረው ይጋግራሉ፣ ቢሉም እኩል፣ እኔም እንጀራ መግዛት አቆምኩ። እኔ ብሆን ሌላ ቆጣሪ ይግባ ብዬ ተጣልቼ ነበር የምወጣው።

የመኪናውን ድምፅ ልጄ በሳምንት ለመደችው፣ እኔ ነኝ እስካሁን የምነቃው። እሁድ ደሞ የተክለሃይማኖት ቅዳሴ በሞንታርቦ ቤታችን ድረስ ስለሚመጣ ባለቤቴ ቤቷ ሆና አስቀደስኩ ትላለች።

ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ከኛ ግቢ ቀጥሎ ያለውን ቤት አይቶ 5,000 ተባልኩ ብሎ አማከረኝ። ምንም ሳልለው መጀመሪያ ጄሪካን ቆጥረህ ና አልኩት። በማግስቱ መጣና "14" አለኝ። አንድ አጥር ነው የሚለየን እኮ፣ ቧንቧውም አንድ ነው። ሳጣራ ለካ ሴትዮዋ ጠላ ይጠምቃሉ፣ ጄሪካኑ ግማሹ የጠላ ነው። ለልጁ ይሄን አልነገርኩትም፣ "14 ጄሪካን አይቻለሁ በላቸውና አስቀንስ" አልኩት። በ4,400 ገባ።