የናዝካ ሳህን ለመሥራት ሞክሬ ነበር

ቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ናዝካ የሚባሉ የጥንት ሕዝቦች የሠሩት አንድ ሸክላ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ቀጫጭን አንገት አለው፤ መሃላቸው እጀታ ያገናኛቸዋል። ደቡብ ፔሩ በረሃ ውስጥ ከተሠራ ቢያንስ 1,300 ዓመት ሆኖታል። ቀለሙ ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። ሸክላ መማር ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነበር፤ እኔም ልሞክረው አልኩ። ድፍረት!

ናዝካዎች የሸክላ ማሽከርከሪያ አልነበራቸውም። በእጅ ነው የሚያበጁት፤ የእኛ ጀበና እንደሚሠራው። ብርጭቆ የሚመስለውን ሽፋን፣ ግሌዝ የምንለውን፣ አያውቁም። ቀለማቸው ራሱ አፈር ነው። ቀዩ ብረት ካለው አፈር፣ ጥቁሩ ማንጋኒዝ ከሚባል ማዕድን ይመጣል። ከአሥር በላይ ዓይነት ቀለም ነበራቸው። በውሃ በጥብጠው ይቀቡታል፣ ይወለውሉታል፣ ከዚያ ያቃጥሉታል። ከእነሱ የቀደሙት ፓራካሶች ግን ካቃጠሉ በኋላ ነበር በሙጫ የለወሱትን ቀለም የሚቀቡት። ያኛው በቀላሉ ይለቃል።

የመጀመሪያ ሳህኔን ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ቀባሁት። ቀለሙ በማግስቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ለካ ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቀለሙም አብሮት መኮማተር አለበት። መቀባት ያለበት ጠንከር ብሎ ገና እርጥበት ሳይለቀው ነው።

ሁለተኛውን በወንዝ ጠጠር ሦስት ማታ አሸሁት። መስታወት ሆነልኝ። የምማርበት ቦታ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር 1,060 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አቃጠሉልኝ፣ ወዙ ድራሹ ጠፋ። ከ1,000 ዲግሪ ካለፈ ውልወላው አይተርፍም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ አልጠየቅኩም፣ አልነገርኩም።

ከሁሉ የከበደኝ ምን ልሣል የሚለው ነበር። ናዝካዎች ዝም ብለው ያጌጡ አይመስለኝም። ሸክላቸው ላይ የሚሣለው ገዳይ ዓሣ ነባሪ ብዙ ጊዜ በእጁ የሰው ራስ ይዞ ይታያል። ዓሣ ነባሪ በእጁ! የተቆረጡት ራሶች ከንፈራቸው በእሾህ ተወግቶ ተዘግቷል። አንዳንዱ ራስ ላይ ደግሞ ከአፉ ተክል ይበቅላል። ብዙ አጥኚዎች ይህን ከእርሻና ከልምላሜ ጋር ያያይዙታል። ዝናብ በማያውቅ በረሃ ለሚያርስ ሰው ሞትና ዘር አንድ ላይ ቢታሰቡት አይገርምም። ጽሑፍ ስላልነበራቸው ግን ራሳቸው የነገሩን የለም። እኔ የተቆረጠ ራስ ሥዬ ቤቴ ላስቀምጥ? አይሆንልኝም።

በርበሬ መረጥኩ። እነሱም ይሥሉት ነበር። ደግሞ ለእኛ ወጥ በርበሬን የሰጠን የአሜሪካ ምድር ነው፤ ዝምድና ይቆጠራል።

ሦስተኛው ላይ ነጭ መደብ ቀባሁ፣ ቀዩን ሞላሁ፣ ጥቁሩን መስመር መጨረሻ ላይ አዞርኩበት። የተንቀጠቀጠውን የቀይ ጠርዝ ሁሉ ያ መስመር ሸፈነልኝ። በልምምዴ እንደ እሱ የጠቀመኝ የለም። በ900 ዲግሪ ለብቻው ተቃጠለልኝ። ወዙም አልጠፋም።

ፎቶውን ለእህቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«በጣም ያምራል! ካሮት ነው?»