ዝም ያለው ከርነል

ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው ጓደኛዬ የመጋዘኑን ሙቀትና እርጥበት የምትመዘግብ ራስቤሪ ፓይ 4 የምትባል አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለችው። አዲስ ሴንሰር ገዛና ድራይቨሩ (ሴንሰሩን የሚያናግረው ፕሮግራም) ያለበት ከርነል፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ እንድሠራለት ለመነኝ። እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ለእያንዳንዱ ሙከራ በሐረጎ ጠመዝማዛ መውረድና መውጣት አለ፤ ፓይዋ በጠፋች ቁጥርም ምዝገባው ይቋረጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚሁ ላፕቶፔ ላይ፣ በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተሠራ ኮምፒውተር) ላስነሳው አልኩ። አንድ ምሽት የመደብኩለት ሥራ አራት ሌሊት በላ።

የላፕቶፔ ፕሮሰሰር ኢንቴል ነው፣ የፓይዋ 64 ቢት አርም። ቨርቹዋል ማሽንን የሚያፈጥነው ኬቪኤም የእንግዳውን (በውስጡ የሚነሳውን ሥርዓት) መመሪያ በቀጥታ ለፕሮሰሰሩ ስለሚሰጥ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ካልሆኑ አያገለግልም። ያኔ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚፈጥረው ፕሮግራም፣ ኪውኢሙ፣ የአርሙን መመሪያ ወደ ኢንቴል እየተረጎመ ያስኬደዋል። ሽማግሌ በአስተርጓሚ እንደ መላክ ነው፤ መልሱ ይመጣል፣ ግን ይቆያል። ይህን ማወቄ ጎዳኝ። ስክሪኑ ላይ አንድም ፊደል ሳይወጣ «እየተረጎመ ነው» እያልኩ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የከርነል ዝምታ ግን ሰውን ያነቅዛል።

የጠረጠርኩት የራሴን ከርነል ነው፤ ምክንያትም ነበረኝ። የከርነሉን ማዋቀሪያ፣ ሜኑኮንፊግን፣ ስከፍት የፕሮሰሰሩን ዓይነት የሚነግረውን «አርክ» የሚለውን ተለዋዋጭ አርም64 ማለት ረስቼ፣ የማዋቀሪያ ፋይሌ ሳላውቀው ወደ ኢንቴል ተገልብጦ ነበር። አጽድቼ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር) ጀመርኩ። መብራት ሄደ። በባትሪ ቀጠልኩ፤ ባትሪውም አለቀ። ከርነሉን ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስቱንም ጊዜ ያው ጥቁር ስክሪን ጠበቀኝ። ጓደኛዬ እየደወለ «አብሽር፣ አትቸኩል» ይለኛል፤ ሲደውል ግን በቀን ሁለቴ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ያደረግሁትን መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። ብዙ ሰው በየቀኑ የሚያስነሳውን፣ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት የሚያቀርበውን የአርም64 ከርነል አውርጄ በዚያው ትእዛዝ አስነሳሁት። እሱም ዝም! እንደዚያ ያስደሰተኝ ዝምታ የለም። ደህና መሆኑን የማውቀው ከርነል ዝም ካለ፣ ጥፋቱ ያለው ማሽኑን በጠራሁበት ትእዛዝ ውስጥ ነው። ለካ ሦስት ጊዜ የተቀጣው ከርነል ምንም አላጠፋም።

ትእዛዙ ውስጥ ሁለት ስህተት ተደራርቧል። ያደከመኝም ይኸው ነው፤ አንዱ ቢስተካከል እንኳ ሌላው ስለሚሸፍነው ለውጥ አይታይም። ኪውኢሙ ካሉት ማሽኖች «ቨርት» የሚባለውን መርጬ ሲፒዩ ሳልጠቅስ በመቅረቴ ኪውኢሙ ኮርቴክስ ኤ15 የሚባል ፕሮሰሰር ሰጥቶኛል። እሱ 32 ቢት ነው። 64 ቢት ከርነል እዚያ ላይ «ተሳስተሃል» ብሎ ለመጻፍ እንኳ አይበቃም። 64 ቢት የሆነውን ኮርቴክስ ኤ72 አልኩት። ሁለተኛው ከድሮ የኢንቴል ስክሪፕቴ የገለበጥኩት ኮንሶል (ከርነሉ ጽሑፉን የሚያወጣበት ወደብ ስም) ነው፦ ቲቲዋይኤስ0። በቨርት ማሽን ያለው ሲሪያል ወደብ ፒኤል011 የሚባል ዓይነት ሲሆን ሊኑክስ የሚያውቀው ቲቲዋይኤኤምኤ0 ብሎ ነው። ስሙን ቀየርኩ፣ ገና ከመነሻው ጽሑፍ የሚያስወጣውን ኧርሊኮንንም ጨመርኩ። የዴቢያኑ ጽሑፍ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። የኔንም ሞከርኩት፤ ወረደ። ጎረቤት ባይተኛ ኖሮ እልል እል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስህተት ቢያንስ ይናገር ነበር። ከርነሉ ኢኒትን (የመጀመሪያውን ፕሮግራም) ማስኬድ አቃተኝ ብሎ ነጌቲቭ 8 ጻፈና ተንኮታኮተ። በሊኑክስ 8 ማለት «ይህ ፋይል እኔ የማስኬደው ዓይነት አይደለም» ነው። ኢኒትራምኤፍኤሱ (ከከርነሉ ጋር የሚጫነው ትንሽ የፋይል ስብስብ) ውስጥ የከተትኩት ቢዚቦክስ የተባለው የትእዛዞች ጥቅል ከላፕቶፔ የተቀዳ፣ የኢንቴል ነበር። አሁን «ፋይል» በሚለው ትእዛዝ ሳላይ ምንም ነገር አልጭንም፤ የየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ በአንድ መስመር ይነግራል።

ሌላው፣ ቨርት ፓይን አይመስልም። ከርነሉ እዚያ ተነሣ ማለት የፓይዋ የኤስዲ ካርድ ወይም የሴንሰሩ ድራይቨር ተፈተነ ማለት አይደለም። ይህን ለጓደኛዬ በስልክ ሳስረዳው «ታዲያ አራት ሌሊት ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው።

ቅዳሜ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ሞቃት ናትና የደሴን ጃኬት አውልቄ፣ አዲሱን ኤስዲ ካርድ ከትቼ፣ ሲሪያል ገመዱን ሰክቼ ፓይዋን አበራሁ። ዝም። ጓደኛዬ ፊቴን አየ። እኔ ግን የከርነሉን ትእዛዝ መስመር ከፈትኩ፤ ኮንሶሉ ቲቲዋይኤኤምኤ0 ይላል። በፓይ 4 ላይ ይህ በተለምዶ ለብሉቱዝ የተሰጠ ነው። በገመድ የሚነበበው ትንሹ ዩአርት (ሌላው የሲሪያል ወደብ) በራስቤሪ ፓይ ከርነል ቲቲዋይኤስ0 ይባላል፤ ደሴ ላይ የኢንቴል ነው ብዬ የጣልኩት ያው ስም። መለስኩት።

ሴንሰሩ መቁጠር ሲጀምር ገና ስምንት ሰዓት አልሞላም። ምሳ በልተን ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ያዝኩ።