ትናንት ሸኘነው፣ በማግስቱ ሸኘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ቅዱስ ሚካኤል እኔንና የወንድሜን ልጅ ከጣና ማዕበል አውጥቶናል። «ካወጣኸን ላልሰማ አሰማለሁ» ብዬው ነበር። ኅዳር 12 በዐውደ ምሕረቱ ቆሜ ተናግሬአለሁ፤ ጃንጥላውንም አስገብቻለሁ። ያን ቀን ላልነበራችሁ ደግሞ እነሆ።

ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ለጥምቀት ልጁን ይዞ ጎንደር መጣ። የጎንደርን ጥምቀት ላላየ ሰው ምን ብዬ ልንገር! የዐፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ሌሊቱን ማኅሌት ነው፤ ሲነጋ ውኃው ይባረካል። ሌሎቹ ታቦታት ጥር 11 ሲመለሱ፣ የቅዱስ ሚካኤል ግን እንደ ደንቡ የሚገባው ጥር 12 ነው። ልጅቷ እጄን ይዛ፣ እልል እያለች እስከ ደጁ ድረስ ሸኘነው። ይህችን ያዙልኝ።

በማግስቱ ወንድሜ «ታንኳ ሳላሳፍራት አልመለስም» አለ። በአዘዞ በቆላ ድባ አድርገን፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጠን፣ መገጭ ወንዝ ጣና ከሚገባበት አካባቢ ወረድን። ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ነው። ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ ፀሐይ ላይ እያደረቁ ይጠቀሙበታል፤ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ሌላ ይሠራሉ። ቶሎ አይሰጥምም፤ ግን ይገለበጣል። ወንድሜ በአንዱ፣ እኔና ልጅቷ በሌላው ተሳፈርን። ቀዛፊዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው።

ጠዋቱን እንዴት እንዳማረ! መገጭ እዚያ ላይ ሲደርስ ዝግ ብሎ ነው የሚወርደው። ዳርና ዳሩ ደንገል፣ ከላይ ወፍ ብቻ። ልጅቷ እጇን ውኃው ውስጥ እየነከረች ትስቅ ነበር።

ጣና ግን ከቀትር በኋላ ነፋስ አለው። ወደ ሐይቁ ወጣ ብለን ስንመለስ ያዘን። ማዕበሉ ከጎን መታን። የቀዛፊያችን ቀርከሃ ከመሀል ተሰበረ። ሁለቱ ታንኳዎች ተለያዩ፤ ወንድሜ ሲጮህ አየዋለሁ፣ ድምፁ ግን አይደርሰኝም። የሕይወት ጃኬት የሚባል ነገር የለንም። ልጅቷ ዋና አትችልም፣ እኔም አልችልም። ውኃው ጉልበታችን ድረስ መጣ።

ዳዊት የምደግም ሴት ነኝ። በዚያ ሰዓት ግን አንድ መስመር እንኳ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ይህ ብቻ ነው፦ «ሚካኤል፣ ትናንት እኛ ሸኘንህ። ዛሬ አንተ ሸኘን።» ከዚያ ስለቴን ተሳልኩ። ልጅቷ ሰምታኝ ኖሮ እየተንቀጠቀጠች «ትናንት እኮ እልል ብዬልሃለሁ» አለችው። ይህን ቃሏን ባስታወስኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

እምቦጭን ታውቁታላችሁ። ጣናን የወረረው አረም ነው፤ በዚህ በሰሜኑ ዳር ደግሞ ይብሳል። የደምቢያ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ስንት ጊዜ አይተናል! እኔም የረገምኩት አረም ነው። ማዕበሉ ገፍቶ የከተተን እዚያ ውስጥ ነው። ቀዛፊው «አበቃልን» አለ፤ ያለ መቅዘፊያ ከእምቦጭ አይወጣማ። ግን ማዕበሉ እምቦጩ ላይ ሲደርስ ይሞታል። ታንኳችን አረሙ ውስጥ ተወሽቃ ቆመች። መናወጡ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ከአረሙ ወዲያ የሰው ድምፅ ሰማን። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ውኃ ላይ አይገኙም፤ ቆሮሶውንም አምባዛውንም በጠዋት አውጥተው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የዚያን ቀን ግን እምቦጩ መረባቸውን ገፍቶ ስለወሰደባቸው ፍለጋ ወጡ። መረብ ሲፈልጉ እኛን አገኙ። ገመድ ወረወሩልንና «አይዞሽ ልጄ፣ ሕፃኗን ወደ መሀል አድርጊያት» አሉኝ። ማዕበሉ በማይደርስበት በኩል፣ አረሙን ተጠግተው ጎትተው አወጡን።

«አጋጣሚ ነው» ያለኝ ሰው አለ። አልጣላውም። እኔ ግን ቀርከሃው የት ላይ እንደተሰበረ በዓይኔ አይቻለሁ። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሰበር እምቦጩ ጋ ሳንደርስ ታንኳዋ ትገለበጥ ነበር። የሽማግሌው መረብ በዚያ ቀን ባይጠፋ ማን ያገኘን ነበር? ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ያገጣጠመው ማን እንደሆነ አልጠራጠርም።

ወንድሜ ቀድሞን ወጥቶ ዳር ላይ ተንበርክኮ ነበር። ልጁን ሲያቅፍ ቃል አልወጣውም። ለሽማግሌው ገንዘብ ብንሰጣቸው እምቢ አሉ። «የክርስትና ስሜን ያዢና በደጁ አስጠሪልኝ» አሉኝ። አስጠርቻለሁ። እሳቸው ዛሬም እዚያው ውኃ ላይ ናቸው፤ እምቦጩም መረባቸውን አልተወላቸውም። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እናንተ ስትጸልዩ «የመገጩን ዓሣ አጥማጅ» ብላችሁ አስቧቸው።