መስከረም 1 ለምን ሐሙስ ዋለ?

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ!

ወዳጆቼ፣ ይህን ሰላምታ በየዓመቱ እንለዋወጠዋለን። ዘመኑ የማርቆስ፣ ዕለቱም ሐሙስ መሆኑን ግን ማን ነገረን? እኔ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ያን ክረምት ጎጃም፣ አያቴ ቤት ሰነበትኩ። የዓመቱ ውጤቴ ጥሩ ስለነበር ካርዴን ይዤ ሄጄ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ከቤታችን በታች ያስተምሩ የነበሩት የኔታም ተቀብለው አዩልኝና፣ «ጎበዝ፣ ልጄ። እስቲ የመጪው እንቁጣጣሽ በምን ቀን ይውላል?» አሉኝ። ሮጬ ሄጄ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀን መቁጠሪያ ተመለከትኩና መጥቼ ነገርኳቸው። «እርሱማ ወረቀቱ ያውቀዋል፤ አንተስ?» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

ዝናቡ እስኪያባራ ጎጇቸው ውስጥ አስቀምጠው ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ አስጀመሩኝ። በዘንድሮው ቁጥር ላሳያችሁ። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። የሚተርፈው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ካለቀ ዮሐንስ። ያ 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። እርሱን ከ7518 ጋር ደምረን ያገኘነውን 9397 በሰባት ስንገድፍ፣ ማለትም ለሰባት ስናካፍል፣ 3 ይቀራል። ቆጠራው የሚነሣው ከማክሰኞ ነውና፦ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ።

ስሌቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያዝኩት። በትምህርት ቤት ቢሆን እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። የኔታ ግን፣ «ራብዒቱን ለምን ደመርነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላወቅሁም። እርሳቸውም አልነገሩኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ከብት ስጠብቅ፣ ስበላ፣ ስተኛ እርሱን ሳሰላስል ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ተገለጠልኝ። 365 ቀን ማለት 52 ሳምንት ከአንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ በዓሉ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን ስድስት ትሆንና ሌላ አንድ ቀን ትጨምራለች። ራብዒቱ የእነዚያ ስድስተኛ ቀናት ድምር ነው! ጭቃውን እየረገጥኩ ሮጬ ሄጄ ስነግራቸው፣ «እንግዲህ አሁን ያንተ ሆነ» አሉኝ።

ዛሬ የሂሳብ መምህር ነኝ። ከካርዴ ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱን እንኳ አላስታውስም፤ ያን ቀን ግን የእግሬ ጭቃ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ይህን የማነሣው የ12ኛ ክፍል ውጤታቸውን በጭንቀት እየጠበቁ በዓሉን ለሚያከብሩት ልጆቻችን ብዬ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤት ዋጋ የለውም አልልም፤ የዩኒቨርሲቲውን በር የሚከፍተው እርሱ ነው፣ የድሃ ልጅ ደግሞ ሌላ በር የለውም። የሚያመኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ላስረዳ ስጀምር «መምህር፣ ይህ ለፈተና ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቀኝ፣ አይመጣም ስለው ደብተሩን የሚዘጋው ልጅ ነው። ወድቆ የሚያለቅሰውን ማጽናናት እችላለሁ። ይህኛው ግን ከፍተኛ ውጤት ይዞ ሲወጣ እንኳ ቅር እንዳለኝ ይቀራል፤ «ለምን?» ብሎ ሁለት ቀን መጨነቅን ሳይቀምሰው ነውና የሚሄደው።

የቅኔ ቤት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲዞር ካርድ የሚሰጠው የለም። ረሃቡንና የውሻ ንክሻውን አላወድስም፤ ማንም ልጅ እንዲያ ሆኖ መማር የለበትም። ያ ተማሪ ግን ጉባኤ ቃናውን፣ ባለ ሁለት ቤቱን አጭር ቅኔ፣ ደርሶ መምህሩ ፊት ሲቀርብ የራሱን አዲስ ነገር ይዞ ይቀርባል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ የራሱንም የትናንት ቅኔ ዛሬ አይደግምም። ሰሙን ሠርቶ፣ ወርቁን ከውስጡ አሳድሮ፣ ከመምህሩ እርማት ተቀብሎ ይመለሳል። ነገ ደግሞ ሌላ። እኔ በክፍሌ ውስጥ ከዚህ ጥቂቷን እንኳ ማምጣት ብችል ምንኛ ደስ ባለኝ።

ተማሪዎቼ፣ የትም ብትሆኑ፣ ውጤታችሁም ምንም ቢሆን፣ አዲሱ ዓመት ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ይስጣችሁ። ወላጆች፣ በበዓሉ ለሚመጡት ልጆች «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዘንድሮ ምን ገረመሽ? ምን አስደነቀህ?» በሏቸው።

የ2019 መስከረም 1 በምን ቀን እንደሚውል ዛሬ አልነግራችሁም። ቄጤማው ላይ ልጆቻችሁን ሰብስቡና፣ ቡናው እስኪፈላ ወረቀትና እርሳስ አቅርቡላቸው። ከ7519 ጀምሩ።

መልካም አዲስ ዓመት!