አሥር ቀን ሲባል አሥር ቀን ነው

በአባቴ ግቢ መግቢያ፣ ከአጥሩ ጋር የተያያዘች ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ሱቅ ነበረችኝ። ስምንት ዓመት አከራይቻታለሁ። የመጨረሻው ተከራይ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የእግር መኪናውን በሩ ላይ አስጠግቶ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ይሰፋል። ዛሬ ያ ቦታ የእግረኛ መንገድ ነው። መንግሥት አፈረሰብኝ ብል ውሸት አይሆንም፤ ግማሹን ታሪክ መደበቅ ግን ይሆንብኛል። ሌላውን ግማሽ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በጣቴ ቀን እየቆጠርኩ።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ጅማ መርካቶ ውስጥ ለአንድ ቡና ነጋዴ 22 ዓመት መዝገብ ይዣለሁ። የፈረሱላ ሒሳብ ተሳስቼ አላውቅም። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ የሠራሁትን ስሕተት ስታነቡ እኔ የተናደድኩትን ያህል እንድትናደዱልኝ ነው።

ግቢው በውርስ ነው የደረሰኝ። ነባር ይዞታ ስለሆነና በውርስ ስለተላለፈ በሊዝ አዋጁ በቁጥር 721/2004 መሠረት ወደ ሊዝ አልገባም፤ ካርታውን በስሜ ማዞሩ ብዙ ቢያመላልሰኝም አለቀ። ችግሩ የመጣው ከሱቋ ነው። በ2009 ስሠራት የያዝኩት ፈቃድ የአጥር እድሳት ነበር። ፈቃዱ በሁለት ቀን ወጣ። አናጺው አጥሩን እያየ «እትዬ፣ ካደስነው አይቀር ግድግዳውን ትንሽ ከፍ አድርገን ክዳን ብናለብሰውስ?» አለኝ። ሐሳቡ ጣፈጠኝ። ባሕር ዛፍ ቆመ፣ ጭቃ ተመረገ፣ ሲሚንቶ ተለሰነ። ያን ጊዜ በደጄ ያለፈ የቀበሌ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ እንጂ አቁሚ ያለኝ የለም።

ከዚያ የወረቀት ክምር ተጀመረ። ተከራዩ የንግድ ፈቃድ አወጣ፤ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ሆነ። እኔም የኪራይ ገቢ ግብር ከፈልኩ። የመብራት ቆጣሪ ገባ። ደረሰኞቹን በዓመተ ምሕረት እየለየሁ ፋይል ውስጥ አኖርኳቸው። መንግሥት ግብር የተቀበለበትን ቤት መንግሥት አያፈርስም ብዬ አምን ነበር። ንግድ ፈቃድ የሚናገረው ስለ ንግዱ ነው፤ ቆጣሪው ስለ መብራቱ፤ ደረሰኙ ስለ ብሩ። ስለ ግድግዳው የሚናገረው የግንባታ ፈቃድ ብቻ ነው፤ የእኔ ደግሞ የሚያወራው ስለ አጥር ነው።

ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ፈቃዱ ከባድ አለመሆኑ ነው። በሕንፃ አዋጁ በቁጥር 624/2001 የእኔ ዓይነቷ ሱቅ፣ ፎቅ የሌላት፣ የምሰሶዎቿ ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ፣ በመጨረሻው ቀላል ምድብ በምድብ «ሀ» ነው የምትመደበው። ፋብሪካ ወይም ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ የሚሠራ ሰው የሚጠየቀውን እኔን የሚጠይቀኝ አልነበረም። አልጠየቅኩም፤ አለቀ።

የኮሪደር ልማት በ2016 አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ፒያሳ ሲፈርስ በቴሌቪዥን እያየን ቡናችንን እንጠጣ ነበር። ቀጥሎ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ፤ ጅማም ደረሰ። ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት አጥሬ ላይ በቀይ ቀለም ምልክትና ቁጥር ተጻፈ። ከሰዓት በኋላ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ።

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ፤ ገበያውም ለቅሶውም በእርሱ ነው። ትምህርት የጨረስኩት ግን ቁቤ፣ የላቲኑ ፊደል፣ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ጽሑፉን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። የጎረቤቴን ልጅ ጠራኋትና አነበበችልኝ። ሱቁ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው፤ በመዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም በከተማዋ ዋና ፕላን፣ ከተያዘው የመንገድ ወሰን ውስጥ 2 ሜትር ከ40 ገብቷል፤ በ10 ቀን ውስጥ በራስሽ አንሺ፤ ኮሚ፣ ማለትም ቅሬታ፣ ካለሽ በዚሁ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ አቅርቢ።

ልጅቷ ያነበበችው «ጉያ 10» ብላ ነው። አሥር ቀን። «ጉያ ሆጂ» ቢል የሥራ ቀን ይሆን ነበር። አላለም። እኔ ግን ቢሮ የሚከፈተው በሥራ ቀን አይደለም ወይ ብዬ «ሆጂ»ን በገዛ ሥልጣኔ ጨመርኩበት። ቅዳሜንና እሑድን አወጣሁ። ዓርብ ግንቦት 29 ዐረፋ ስለሆነ እርሱንም አወጣሁ። ሰኔ 10 ላይ ደረሰልኝ። ትክክለኛው ሰኔ 5 ነበር። ሱቋን የበሏት እነዚህ አምስት ቀናት ናቸው።

ለዐረፋ ጎረቤት ቤት ተጠርተን ስንበላ አንድ የምክር ቤት አባል አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ነገሩን አጫወትኩት። «እህቴ፣ ታገሺ» አለኝ፤ «የፊታችን ዓርብ ስብሰባ አለን፤ የፕላን ጥሰት ጉዳይ በአጀንዳ ተይዟል። ምክር ቤቱ የሚለውን ሳትሰሚ ወረቀት ብታስገቢ ነገሩን ማክረር ይሆንብሻል።» ክፋት አልነበረበትም። ምክሩ ጆሮዬ ላይ የጣመው ምንም አታድርጊ ስለሚል ነው። ያን ሳምንት ቅሬታዬን ከመጻፍ ይልቅ ለስብሰባው የምለብሰውን ሳስብ ሰነበትኩ።

ዓርብ ሰኔ 6 ፋይሌን ታቅፌ ሄድኩ። ታዛቢ ከኋላ ይቀመጣል፤ ይሰማል፤ አይናገርም። ይህን ያወቅኩት በር ላይ ነው። አጀንዳው ሲደርስ ሪፖርት ተነበበ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ጥሩ ክርክር ነበር። አንዲት አባል ተነሡ። «ወጣቶቹን በማኅበር አደራጅተን መንገድ ዳር ሼድ የሰጠናቸው እኛ ነን። ያኔ ከላይ የመጣው ሥራ ፍጠሩ የሚል ነበር። አሁን ከላይ የመጣው መንገድ አስከፍቱ የሚል ነው። ልጁ ግን ያው ልጅ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የበር ጠባቂው ዞር ብሎ አየኝ።

ሌላው ስለ ትልልቆቹ ሕንፃዎች ጠየቀ። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተፈቀደላቸው ምድር ቤት ዛሬ መጋዘን ሆኗል፤ መኪናው መንገድ ላይ ነው፤ «የእነርሱን ግድግዳ ቀይ የሚቀባው ማነው?» አለ። መልስ አልተሰጠውም። ስለ ካሳ ተጠየቀ። መድረኩ ላይ የነበረው ኃላፊ የ2011ዱን አዋጅ፣ ቁጥር 1161ን ጠቅሶ ካሳ የሚከፈለው በሕግ አግባብ ለተያዘና ለተሠራ ነው፤ ያለ ፈቃድ ለተሠራ አይከፈልም አለ። ይህን ሲል የታቀፍኩት ፋይል ከበደኝ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ አባል ማይክራፎኑን ሳይጠብቁ ተናገሩ። «ከላይ፣ ከላይ ትላላችሁ። ኮሪደሩ ከላይ ይሁን። ፕላኑ ግን ከሰማይ አልወረደም። ረቂቁ ለሕዝብ ተለጥፎ ነበር። እዚሁ ተቀምጠን እጃችንን አውጥተን አጸደቅነው። መንገዱ 15 ሜትር ይሁን ያልነው እኛ ነን።»

ማንም አላጨበጨበም። እውነታቸውን ነው፤ በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅም፣ ቁጥር 574፣ የሚያዘው ይህንኑ ነው፤ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፣ ምክር ቤት ያጸድቀዋል። እኔን የቀዘቀዘኝ ግን ትዝታው ነው። ያንን ካርታ አይቼዋለሁ። ግብር ልከፍል ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። ቀለሙ ደስ ይላል ብዬ አለፍኩት። የራሴ አጥር እዚያ ላይ በቀጭን መስመር ተቆርጦ ነበር።

ሰብሳቢው «የተሰጡት አስተያየቶች እንደ ግብዓት ተወስደዋል» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ። ግብዓት የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሰማ ጥርሴን ያፋጨኛል። ለሻይ ሲወጡ አማካሪዬን ያዝኩት። «የእኔስ ጉዳይ?» አልኩት። «የግለሰብ ጉዳይ ምክር ቤት አይወስንም እኮ» አለኝ፤ ከሕፃን እስከ አዋቂ የሚያውቀውን ነገር እንደጠየቅኩት ሁሉ። ታዲያ ዐረፋ ዕለት ምን ነበር የነገርከኝ? አላልኩትም። ሻዩን ይዞ ሄደ።

ሰኞ ሰኔ 9 ማመልከቻዬን ይዤ ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮ ደረስኩ። በእኔ ቆጠራ አንድ ቀን ትርፍ አለኝ። ወጣቱ ባለሙያ የደብዳቤውን ቀን አየ፤ በእስክሪብቶው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረ።

«እትዬ፣ ሐሙስ ዕለት አልፏል።»

«በሥራ ቀን አይደለም እንዴ?»

«የት ላይ ይላል?»

ደብዳቤውን ወደ እኔ አዞረልኝ። የትም ላይ አይልም። ልጁ ትክክል ነበር፤ ይህም ነው እስከ ዛሬ የማልምረው። አንድ ነገር ግን አጥፍቷል፤ ይህንንም ኋላ ነው የተረዳሁት። ማመልከቻዬን ተቀብሎ «ጊዜው አልፏል» የሚል መልስ በጽሑፍ ሊሰጠኝ ይገባ ነበር። በቃል መለሰኝ። የሕንፃ አዋጁ በሕንፃ ሹሙ፣ ግንባታን በሚቆጣጠረው ኃላፊ፣ ውሳኔ ቅር የተሰኘ የሚሄድበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አለው፤ በቃል የተመለሰ ሰው ግን ወደ ቦርዱ ይዞ የሚሄደው ወረቀት የለውም። እኔም ቁጭ ብዬ «በጽሑፍ ስጠኝ» ከማለት ይልቅ አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ!

ማሽን ከሚያፈርሰው ብዬ አናጺውን ጠርቼ ራሴ አስነሣኋት። ቆርቆሮውን፣ በሩንና መስኮቱን አተረፍኩ። ዝናብ ነበር። ልብስ ሰፊው መኪናውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከሁለት ልጆች ጋር ተሸክሞ ወደ በረንዳዬ አስገባው። ያልተጠናቀቁ ሰማያዊ ሱሪዎች ሳሎኔ ወንበር ላይ አንድ ወር ተኙ። ኪራይ አልጠየቅኩትም፤ እርሱም ስለ ቀን አቆጣጠሬ አንድም ቀን አላነሣብኝ።

ሱቋ ከፈረሰች በኋላ የግል ቀያሽ ቀጥሬ አስለካሁ። ወደ መንገዱ ገብታ የነበረው 1 ሜትር ከ90 ነው እንጂ 2 ሜትር ከ40 አይደለም። ሃምሳ ሳንቲሜትር! ሱቋን ባያድናትም ቅሬታዬ ውስጥ ለመጻፍ የሚበቃ ነገር ነበር። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ አዲስ ለመሥራት የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጽ ወረቀት፣ ጠየቅኩ፣ የምድብ «ሀ» ፈቃድ አወጣሁ። ከፈራሁት በታች ነው የፈጀው። አሁን ግድግዳዋ ግማሽ ደርሷል፤ ከፊተኛዋ ታንሳለች።

ስለዚህ ቀይ ቀለም ያረፈበት አጥር ያላችሁ ስሙኝ። በየቢሮው «ከቀበሌ ጀምሩ» ይሏችኋል። ከቀበሌ ጀምሩ፤ ግን በዚያው ቀን ደብዳቤውን ለጻፈው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ማመልከቻ አስገቡና የራሳችሁ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። ማኅተም የሌለው ቅሬታ ወሬ ነው። ደብዳቤውን የተቀበላችሁበትን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉ፤ «የሥራ ቀን» ካላለ በቀር ሁሉም ቀን ቀን ነው፤ ዐረፋም፣ ገናም፣ እሑድም። ቀያሽ መጀመሪያ ጥሩ፤ እንደ እኔ መጨረሻ ላይ አይሁን። የምክር ቤት አባል የምታውቁ እንደሆነ ስለ መንገድና ስለ ውሃ አነጋግሩት፤ ስብሰባ ሲኖርም ግቡና ስሙ፣ እኔ አሁን አልቀርም። ቀጠሮ ግን አትያዙበት። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ከመጣ ደግሞ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

ባለፈው ሳምንት ከታች ሠፈር አንድ አባት ያንኑ ዓይነት ወረቀት ይዘው መጡ። ቡና ተፈልቶ ነበር። «ዓርብ ስብሰባ አለ ይላሉ፤ እስከዚያ ብጠብቅ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

«መቼ ነው የተቀበሉት?»

«ማክሰኞ።»

እስክሪብቶ አምጥቼ ጀርባው ላይ አስጻፍኳቸው። አቦሉን ጠጣን፤ ቶናውን ሳንጠብቅ ጫማችንን አጥልቀን ወጣን።