የሪሞት መኪና ይዞ ለሚመጣ ዲያስፖራ፦ ከፍጥነቱ ይልቅ ኩሽኔታውን ያዙ

ሽቦ ጠምዝዞ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ መኪና እየነዳ ያደገ ሰው አርባ ዓመት ሲሞላው ውጭ አገር በክረምቱ ጋራዥ ውስጥ የሪሞት መኪና ሲገጣጥም ቢገኝ ሊደንቀን አይገባም። የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያውን የሪሞት መኪናውን፣ ፖርሼ 934ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በ1984 የወጣውን ግራስሆፐር ደግሞ በ2005 እንደገና አምርቶታል፤ የገዙትም በብዛት ልጅ ሳሉ ከመስታወት ጀርባ አይተውት ያለፉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሲያትልም ይሁን ስቶክሆልም ያለው የኛ ሰው ከእነሱ ብዙም አይለይም።

ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ከሻንጣ ጋር ቦሌ ሲደርስ ነው። ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ቱሉ ዲምቱ ወዳለው የቤተሰብ ቤት ይወሰዳል፣ አንድ ቅዳሜ ይነዳል፣ በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ሥር ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። አሜሪካ ለተነጠፈ ሣርና ለአስፋልት የተመረጠ ዕቃ ዋልካ ላይ ስለሚነዳ፣ የተሰበረው ደግሞ ምትክ ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ምርጫው ላይ ጠንከር እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚባለውን እዚያው ተዉት። ለአዲስ አበባ ዙሪያ የሚሆነው የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ መጠን ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በአራት ወይም በአምስት ቡሎን ብቻ ሆዱ የሚከፈት መኪና ነው። እንደ ትራክሳስ ስላሽ ያለ ባለ ሁለት ጎማ ግፊት ፒክአፕ ወይም ቀላል የታሚያ ባጊ ይበቃል። ባለ አራት ጎማ ግፊት የበለጠ ይቧጥጣል፤ ነገር ግን ሁለት ዲፈረንሻልና ተጨማሪ ዘንጎች ማለት ሌላ እጥፍ ኩሽኔታ፣ ሌላ እጥፍ አቧራ መግቢያ ማለት ነው። በእንጦጦ ግርጌ ድንጋይ ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ ክሮለር ለሚወድ ሰው ግን ባለ አራቱ ግዴታ ነው፤ እሱ በዝግታ ስለሚሄድ ብዙም አይሰበርም። በናይትሮ ነዳጅ የሚሠራውን እርሱት። ነዳጁን አውሮፕላን አይጭነውም፣ በከፍታው ምክንያትም የነዳጅና የአየር ልኩን እንደገና ማቅጠን ያስፈልጋል።

ወደ ሻንጣው እንግባ። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ልኩ የሚታየው በዋት ሰዓት ነው፦ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት አባዙት። 7.4 ቮልት፣ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 በታች ስለሆነ የአየር መንገዱን ልዩ ፈቃድ አይጠይቅም። የሽቦውን ጫፍ በቴፕ ሸፍኑ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ላስቲክ ውስጥ አድርጉ። የሾክ አብዞርበር ዘይት ጠርሙስ አየር ላይ ግፊቱ ሲቀንስ ስለሚያፈስ ድርብ ላስቲክ ይፈልጋል። ጉምሩክ ላይ አንቴና ያለው ነገር ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባምና መኪናው ላይ ካሜራና ምስል ማስተላለፊያ ገጥማችሁ አትምጡ። ቦዲውን አውልቃችሁ ጎማዎቹ እንዲታዩ አድርጋችሁ ጫኑት፣ ደረሰኙንም ያዙ።

መለዋወጫ ላይ አትቆጥቡ፤ ቦታ ካነሰ ሁለተኛውን መኪና ተዉትና በእሱ ፈንታ ይኼን አምጡ፦ የፊት ክንዶች (ጎማውን ከሻሲው የሚያያይዙት) ሁለት ጥንድ፣ ትልቁ ማርሽ ሦስት፣ ፒኒየን (ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ ማርሽ) በሦስት መጠን፣ አንድ ሰርቮ (የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ከብረት ጥርስ ጋር፣ የጎማ ዳዶ አሥር፣ የቦዲ ስፒል ሃያ፣ የኩሽኔታ ሙሉ ስብስብ ሁለት። ብዙ የታሚያ ኪቶች ከኩሽኔታ ይልቅ በፕላስቲክ ቀለበት ይመጣሉ። የኛን አቧራ የጠጣ ፕላስቲክ ቀለበት ዘንጉን እንደ ሞረድ ስለሚበላው ገና ሲገጣጠም በኩሽኔታ ተኩት። ብዙዎቹ 5 በ11 በ4 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የመኪናችሁን መመሪያ እዩ። መርካቶ ኩሽኔታ ሞልቷል፣ ይህን ያህል ትንሹን ፈልጎ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሌላው የተረሳ ነገር ካቻቢቴው ነው። የታሚያ ቪቴ የጃፓን ልክ ስለሆነ በተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ስትፈቱት ራሱ ይላጣል፤ የጃፓኑን አንድ መካከለኛ ካቻቢቴ ያዙ።

አሁን ወደ መሬቱ። ከከተማው ዳር ሦስት ዓይነት መሬት አለ፣ ሦስቱም መኪናውን በየራሳቸው መንገድ ይገድሉታል። አንደኛው ዋልካው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፤ ጎማው በክብደት እጥፍ ሲሆን ሰርቮው ጥርሱን ያራግፋል፣ ሞተሩም ይግላል። ዋልካ ውስጥ ከገባችሁ የሪሞቱን ምላጭ እየጨመቃችሁ ለመውጣት አትሞክሩ፤ ሄዳችሁ በእጅ አንሱት። በበጋ ደግሞ ያው መሬት ይሰነጠቅና የፊት ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ይሠራል፤ የፊት ክንድ የሚሰበረው በብዛት እዚያ ነው።

ሁለተኛው ሬድ አሽ ነው፤ በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ግቢና መንገድ ላይ የሚደፋው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ስትነዱበት ደስ ይላል፣ አያንሸራትትም፣ ውኃ አይዝም። ነገር ግን ፍርፋሪው ሹል ስለሆነ በፒኒየንና በትልቁ ማርሽ መሀል አንዲት ፍሬ ከገባች ጥርሱን ትመነግለዋለች። ከዚያም በላይ ዱቄቱ ውስጥ ማግኔት የሚስበው ብረት አለ፤ ክፍት የሆነ ባለ ካርቦን ሞተር በማግኔቱ እየሳበ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ለዚህ ርካሹ መድኃኒት የሴት ስቶኪንግ ነው። ቆርጣችሁ የሻሲውን የላይኛውን ክፍት በሙሉ አልብሱት፣ በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ አጥብቁት። የማርሽ ክዳኑን ደግሞ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳትገጥሙ አትንዱ።

ሦስተኛው ሣርና የእርሻ ማሳ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ሜዳው ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል፤ የቀረው አገዳ ግን ዘንግ ላይ እየተጠመጠመ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። የባሕር ዛፍ ልጣጭም እንዲሁ። በየሁለት ባትሪው ጎማዎቹን አውልቃችሁ ዘንጉን በመርፌ ጥረጉ።

ከሦስቱም የሚሻል መሬት አለ? አለ፦ ለመንገድ ተብሎ የተጠቀጠቀ፣ ገና አስፋልት ያልለበሰ ገረጋንቲ፣ ጠዋት ጤዛው አቧራውን ሲይዘው። ከዚያ የተሻለ ሜዳ ከተማው ውስጥም አይገኝም።

ከፍታው የሚረሳ ነገር ነው። በ2400 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን አያጣም፣ ነገር ግን የሚያቀዘቅዘው አየር ይቀንስበታል። ሂዩስተን ላይ በልኩ ይሞቅ የነበረው መኪና እዚህ ያነጥራል። መፍትሔው ፒኒየኑን በሁለት ጥርስ ማሳነስ ነው። ትልቁ ማርሽ 86 ጥርስ ቢኖረውና ፒኒየኑን ከ19 ወደ 17 ብታወርዱት የማርሽ ልኩ ከ4.53 ወደ 5.06 ያድጋል፤ ማለትም ጫፍ ፍጥነቱ 10.5 ከመቶ ያህል ይቀንስና ሞተሩ ይቀልለዋል። ስትገጥሙት በሁለቱ ጥርሶች መሀል አንድ ቀጭን ወረቀት አስገብታችሁ ሞተሩን ግፉት፣ ቪቴውን አጥብቁ፣ ወረቀቱን አሽከርክራችሁ አውጡ፤ ተጨማዶ ከወጣ ልክ ነው፣ ከተቀደደ ጠብቋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አቁማችሁ ሞተሩን በጣት ንኩት። ሦስት ሰከንድ መያዝ ካልቻላችሁ አቀዝቅዙት፣ ፒኒየኑንም ይበልጥ አሳንሱት።

መብራት። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ጀርባው ላይ 100–240 የሚል ከሌለው 220 ላይ አትሰኩት፤ ይጨሳል። ከመግዛታችሁ በፊት በ12 ቮልት ባትሪም የሚሠራውን ምረጡ፣ መብራት ሲጠፋ ከትልቁ መኪና ባትሪ ይሠራል። ባለ ሁለት ሴል 5000 ባትሪን በ5 አምፔር ስትሞሉ ከትልቁ መኪና ባትሪ የሚወጣው 4 አምፔር አካባቢ ነው፤ የአንድ ሰዓት ሥራ 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ አይጎዳውም። ሊፖ አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3.2 በታች መውረድ የለበትም። የሪሞት መኪናው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ባትሪው ሲወርድ የሚያቆም የሊፖ ማቆሚያ ከሌለው፣ የድሮዎቹ የላቸውም፣ ወይ ጩኸት የሚያሰማ የሴል ማንቂያ ግጠሙ፣ ወይ በኒኬል ባትሪ ንዱ። ለዘመድ ልጅ ትታችሁት የምትሄዱ ከሆነ ኒኬሉ ይሻላል፤ ብዙ ስህተት ይችላል። ሊፖ ሲሞላ አጠገቡ ሰው ይኑር፣ የሸክላ ድስት ወይም የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አሸዋ ላይ ይቀመጥ፣ ክዳኑ ግን አይጠብቅ። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይሞላም።

ከነዳችሁ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት መኪናውን ከሌላው ሁሉ በላይ ያቆየዋል፣ ሰውም የሚዘለው እሱን ነው። እርጥብ ጭቃ በውኃ አታጥቡ፤ እስኪደርቅ አሳድሩትና በቀለም ቡሩሽ አራግፉ። ጎሚስታ ቤት ሄዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ጥሩ ነው፣ ግን ቱቦውን ኩሽኔታ ላይ አታነጣጥሩ፦ አቧራውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ኩሽኔታውንም ያለ ቅባት በፍጥነት ያሽከረክረዋል። የሚንቋቋ ኩሽኔታ አይጣልም። የጎማ ክዳኑን በመርፌ ጫፍ አንሱት፣ ላምባ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ አድርቁትና አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጨምሩበት። አንድ ብቻ፤ የበዛ ዘይት አቧራ ይጠራል። ሾክ አብዞርበር ውስጥ የሞተር ወይም የሞተር ሳይክል ዘይት መሙላት የብዙዎች ስህተት ነው። የማዕድን ዘይት የሲሊኮን ቀለበቶቹን ያሳብጣቸዋል፣ በሳምንት ውስጥም ያፈሳል። 30 ወይም 40 የተጻፈበትን የሲሊኮን ዘይት ብቻ ተጠቀሙ። ሎክታይት (ቪቴ እንዳይላላ የሚቀባው ሙጫ) ብረት ከብረት ለሚገናኝበት ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ከነካ ይሰነጥቀዋል።

የብረት ዘንግ ሲጣመም ወይም የጎማ ማሰሪያው ሲበላ ተስፋ አትቁረጡ፦ ቶርኖ ቤት ናሙናውን ካሳያችኋቸው ይሠሩታል። ናሙናው ግን ያልተበላ ይሁን፤ የተበላውን ከሰጣችሁ የተበላውን ነው የሚለኩት። የተቆረጠ የባትሪ ሽቦ ሞባይል ጠጋኝ ይበይዳል፣ ፕላስና ማይነሱ እንዳይገናኝ ግን ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ።

ስለ ሰዉም ትንሽ። ባዶ የሚመስለው መሬት ባለቤት አለው። ገበሬውን «አካም» ብላችሁ አስፈቅዱ፣ ሰብል ወይም የታሰረ ከብት ያለበት አትግቡ፤ የበግ ገመድ ዘንግ ላይ ከተጠመጠመ በጉም መኪናውም ይጎዳል። ልጆች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ከመኪናው ጎን እየሮጡ ማባረርም ይወዳሉ። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነገር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቁርጭምጭሚት ከመታ ይሰብራል። ስለዚህ የሪሞቱን የፍጥነት ገደብ ወደ 50 ከመቶ አውርዱ፣ ሁሉም ከነጂው ጀርባ ይቁም። ሪሞቱ ሲጠፋ መኪናው እንዲቆም መዘጋጀቱን ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ ፈትኑ። ስትጀምሩ ሪሞቱ ይቅደም፣ ስትጨርሱ መኪናው ይቅደም። «ይኼን ሁሉ ዓመት ውጭ ኖሮ አሻንጉሊት ይዞ መጣ» የሚል አክስት አይጠፋም፤ ሪሞቱን ለአምስት ደቂቃ አቀብሏት።

ስትመለሱ መኪናውን እዚሁ ከተዋችሁት ሊፖዎቹን ሞልታችሁ አትተዉ፣ ጨርሳችሁም አትተዉ፤ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አቁሙና ከፀሐይ ራቅ አድርጉ። ሾክ አብዞርበሮቹ እንዳይደክሙ ሻሲውን ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ እንጨት ላይ አስቀምጡት። መለዋወጫውን በየላስቲኩ ላይ በአማርኛ ጻፉበት፦ «የፊት ቀኝ ክንድ»፣ «ትልቁ ማርሽ»፣ ምክንያቱም ስልክ ተደውሎ «ያቺ ጥቁሯ» ስትባሉ የትኛዋ እንደሆነች አታውቁም። ከሪሞቱ ውስጥ ድንጋዮቹን አውጡ፤ ብዙ ከቆዩ ፈሳሻቸውን አፍስሰው መዳብ ምላሱን ይበሉታል።